ወንጌል ከማትስ በኋላ

ሮሐ ይገዙ ሦስት ዓመት የሠራችበትን የዲዛይን ቢሮ ለቃ በቤተ ክርስቲያኗ የተማሪዎች አገልጋይ ስትሆን ሃያ ስድስት ዓመቷ ነበር። የቢሮ ጓደኞቿ አብዳለች አሉ። እሷ ግን የምታደርገውን ታውቅ ነበር። ዩኒቨርሲቲ እያለች በአንዲት አነስተኛ የጸሎት ቡድን ውስጥ ያገኘችው እምነት ሕይወቷን ስለለወጠው፣ እንደ እሷ ላሉ ልጆች ልታደርሰው ፈለገች። እንደምትችልም አልተጠራጠረችም።

ቤተ ክርስቲያኗ ዊንጌት ታክሲ ተራ አጠገብ ከአንድ ፎቶ ኮፒ ቤት በላይ ያለውን ሰፊ ክፍል ተከራየችላት። ክፍሉ ነጭ ሰሌዳና ሠላሳ የፕላስቲክ ወንበር አለው፤ በመስኮቱ የእንጦጦ ተራራ ይታያል። የአገልግሎቱ ኃላፊ ጋሽ ቶለሳ ቁልፉን ሲሰጧት፣ "እነዚህ ልጆች የቤተ ክርስቲያን ደወልና ማይክ ከየአቅጣጫው እየሰሙ ነው ያደጉት፤ ግን ጆሯቸው ለምዶታል። እሑድ እንቅልፋቸውን ይተኛሉ። ስለ እግዚአብሔር ስታነሺባቸው ስልካቸውን ያወጣሉ። አንቺ ሌላ መንገድ ፈልጊ" አሏት።

ሮሐ የፈለገችው መንገድ ማትስ ነው። የፍሬሽማን ተማሪ ሁሉ የሚፈራው ትምህርት ነው፤ እሷ ደግሞ ትወደዋለች። በቴሌግራም "ነጻ የማትስ ማጠናከሪያ፣ ቅዳሜ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት" ብላ ለቀቀች። ስለ ወንጌል ምንም አልጻፈችም። "መጀመሪያ ይልመዱሽ" ብለዋት ነበር ጋሽ ቶለሳ፤ እሷም ነገሩን ብዙ አላሰበችበትም።

በመጀመሪያው ቅዳሜ አሥራ አንድ ተማሪ መጣ። በሦስተኛው ወንበር ጠፋ። ሮሐ ስታስተምር ቀልድ ታውቃለች፣ አትቸኩልም፣ ያልገባውን ሰው አታሳፍርም። ከሁሉም ጎላ ብላ የምትታያት ጀዊሪያ የምትባል ልጅ ነበረች። ጀዊሪያ ሁልጊዜ ከፊት ትቀመጣለች፣ ሒጃቧ ላይ እርሳስ ትሰካለች፣ ጥያቄዋ አያልቅም። አባቷ ከዊንጌት ዝቅ ብሎ የጨርቅ ሱቅ አላቸው። ከኋላ ረድፍ ደግሞ ቤዛብሕ የሚባል ረጅም ልጅ ይቀመጣል። ያለፈው ዓመት ማትስ ወድቆ የሚደግም ነው፤ የሚናገረው ሲጠየቅ ብቻ ነው።

በአምስተኛው ቅዳሜ፣ ልክ አምስት ሰዓት ሲሆን፣ ሮሐ ሰሌዳውን ጠርጋ ከቦርሳዋ መጽሐፍ ቅዱስ አወጣች።

"ዛሬ ከመሄዳችሁ በፊት አንድ ነገር ላካፍላችሁ" አለች፤ ማንም መልስ ሳይሰጥ ማንበብ ጀመረች።

ሁለት ልጆች ተያዩ፣ አንዱ ስልኩን ከጠረጴዛው ሥር ከፈተ፣ አንዳንዱ አንገቱን ደፋ። ጀዊሪያ ደብተሯን ዘጋች። ካልኩሌተሯን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች፣ እርሳሷን ከሒጃቧ ነቀለች፣ ተነሥታም ወጣች። ሮሐ ሁለት መስመር እንደ ምንም ካነበበች በኋላ አቋረጠች። "አንድ ደቂቃ" ብላ ወደ ደረጃው ሮጠች።

"ጀዊሪያ፣ ቆይ።"

ጀዊሪያ ደረጃው መሐል ላይ ቆመች። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ለሮሐ ይቀላት ነበር።

"ለአባቴ ማትስ ነው ብዬ ነው የመጣሁት" አለች። "አምስት ሳምንት ሙሉ ማትስ ነው ስለው ነበር። አሁን እኔ ውሸታም ሆንኩ።"

"ልደብቅብሽ ፈልጌ አይደለም።"

"ታዲያ ለምን አልጻፍሽውም?"

ሮሐ አንድ ደረጃ ወደ እሷ ወረደች።

"ብትጽፊው እኮ ለማትሱ እመጣለሁ፣ ለሌላው እወጣለሁ፣ በቃ። አሁን ግን... ማለቴ፣ ሌላ ያልነገርሽን ነገር ይኑር አይኑር በምን አውቃለሁ?"

ይህን ብላ ወረደች። ሮሐ ስትመለስ ተማሪዎቹ ቦርሳቸውን አንግተው ቆመው ነበር። "ዛሬ ይብቃን" አለቻቸው። አንድም ሰው ሳይሰናበታት ወጡ።

የዚያን ቀን ቤቷ በእግሯ ነው የሄደችው። መጀመሪያ ላይ ራሷን ለመከላከል ሞከረች፤ ክፉ ነገር አላደረገችም፣ ያነበበችው ጥሩ ነገር ነው፣ ማንንም አላስገደደችም። እየሄደች ስታስበው ግን ነገሩ እየጠራ መጣ። የያዘችው ጥሩ ነገር ከሆነ ለምን ደበቀችው? ሰው የሚደብቀው የሚያሳፍረውን ወይም የተከለከለውን ነው። እሷ በእምነቷ አታፍርም፣ የከለከላትም የለም። ጉዳዩ እንዲህ ሲታያት ማዘኗ ቀረና ቸኮለች። ምን ማድረግ እንዳለባት አውቃለች፤ የቀረው ማድረግ ብቻ ነው።

ሰኞ ጠዋት ጋሽ ቶለሳ ቢሮ ገባች።

"ማስታወቂያውን ልለውጠው ነው" አለች። "ከሦስት እስከ አምስት ሰዓት ማትስ፣ ለሁሉም ሰው፣ ምንም ሃይማኖት የሌለበት። ከአምስት እስከ ስድስት ወንጌል እናነባለን፣ የፈለገ ይቆያል፣ የፈለገውንም ይጠይቃል። ሁለቱንም በግልጽ እጽፋለሁ።"

ጋሽ ቶለሳ መነጽራቸውን አወለቁ። "ሁሉም በአምስት ሰዓት ተነሥቶ ይሄዳል።"

"ይሂድ።"

"ስንት ደክመሽ ሰበሰብሻቸው፤ ለማን ልታነቢ ነው?"

"ለሚቆየው። አንድ ሰውም ቢቆይ ለምን እንደቆየ ያውቃል። ጋሽ ቶለሳ፣ እኔ ይህን ቃል አምነዋለሁ። ሰውን አታሎ እስከማስቀመጥ የሚያደርስ ድክመት ያለበት አይመስለኝም።"

ሽማግሌው መነጽራቸውን በጨርቅ ጠረጉ። ወጣት ሆነው በደርግ ጊዜ በጓዳ ተሰብስበው ሲጸልዩ ተይዘው አሥራ አራት ወር ታስረዋል፤ ይህን ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ የማያውቅ ሰው የለም።

"እኛ ያኔ ሁሉን ነገር የምንደብቅ ሰዎች ነበርን" አሉ በመጨረሻ። "መዝሙር እንኳን በሹክሹክታ ነበር የምንዘምረው። ምናልባት ልማድ ሆኖብን ይሆናል።"

"እናንተን ያስደበቃችሁ እስር ነው" አለች ሮሐ። "እኛን ማን አስደበቀን?"

ጋሽ ቶለሳ መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። "ጻፊው" አሏት።

ጻፈችው። በዚያው ሳምንት ሐሙስ ግን ከታች ያለው ፎቶ ኮፒ ቤት ባለቤት ወይዘሮ የዓለምወርቅ ደረጃው ሥር አስቆሟት።

"ልጄ፣ ሰፈሩ ውስጥ ስለ አንቺ ይወራል። በማትስ ስም የሰው ልጅ ሃይማኖት ታስለውጣለች ይላሉ። እኔ እሷ እንዲህ አይደለችም ብያለሁ፤ ግን ሰው ይሰማል?"

ሮሐ ወሬውን ማን እንዳመጣው አልጠየቀችም። ቦርሳዋን እዚያው ለወይዘሮ የዓለምወርቅ ትታ ቀጥታ ወደ ጀዊሪያ አባት ሱቅ ወረደች።

ጋሽ ጀላል ለአንዲት ሴት የመጋረጃ ጨርቅ እየለኩ ነበር። ሮሐ ሴትዮዋ እስክትሄድ በር ላይ ጠበቀች።

"ሮሐ እባላለሁ። የጀዊሪያ የማትስ አስተማሪ ነኝ።"

ጋሽ ጀላል ሜትራቸውን ቀስ ብለው ጠቀለሉ። "አውቄሻለሁ። ተቀመጪ።"

አልተቀመጠችም። "ይቅርታ ልጠይቅዎት ነው የመጣሁት። ልጅዎ ለማትስ ብላ መጥታ፣ እኔ ሳልነግራት መጽሐፍ ቅዱስ አነበብኩባት። እሷ አልዋሸችዎትም፤ አታውቅም ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነው።"

"ሃይማኖቷን ልታስለውጪያት ፈልገሽ ነበር?"

ይህ ጥያቄ እንደሚመጣ ሮሐ መንገድ ላይ አስባበታለች። የሚለሰልስ መልስም ነበራት። ሰውየው ግን ፊት ለፊት ነው የጠየቋት፤ እሷም ፊት ለፊት መለሰች።

"እኔ የማምነውን ሰው ሁሉ ቢሰማው ደስ ይለኛል። ይህን አልክድዎትም። ግን ሳይፈልግ እንዲሰማ ማድረግ የለብኝም። እሷ ላይ ያደረግኩት ያንን ነው።"

"የአንቺ እህት እኛ ዘንድ ፊዚክስ ልትማር መጥታ፣ ሳይነገራት ቁርኣን ቢቀራባት ምን ትይ ነበር?"

"እቆጣ ነበር።"

"እኔም ተቆጥቻለሁ።"

"ልክ ነዎት።"

ጋሽ ጀላል የጠበቁት ክርክር ስላልመጣ ትንሽ ግራ የገባቸው መሰሉ። ሮሐ ስልኳን አውጥታ አዲሱን ማስታወቂያ አሳየቻቸው። ስልኩን ከዓይናቸው አርቀው ይዘው አነበቡት፣ ከዚያም ደግመው አነበቡት።

"እንዲህ አድርጊ ያለሽ ማነው?"

"ልጅዎ" አለች ሮሐ።

ከንፈራቸው ጫፍ ላይ ፈገግታ የመሰለ ነገር መጥቶ ሄደ። "ቅዳሜ ራሴ እመጣለሁ" አሉ፤ ሌላ ነገር ሳይጨምሩ ስልኩን መለሱላት።

ቅዳሜ ከአርባው ተማሪ አሥራ ዘጠኙ መጡ። ጀዊሪያ የወትሮ ቦታዋ ላይ ተቀመጠች። ጋሽ ጀላል ኮታቸውን እንደለበሱ ከበሩ አጠገብ ባለው ወንበር ላይ እጆቻቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ሁለት ሰዓት ሙሉ ስለ ሊሚት አዳመጡ። ሮሐ ከማስተማሯ በፊት ባለፈው ሳምንት ያደረገችውን ነግራ ሁሉንም ይቅርታ ጠየቀች። አላስረዘመችውም። ልክ አምስት ሰዓት ሲሆን ማርከሯን አስቀመጠች።

"ማትስ አልቋል። አሁን እረፍት እናደርግና ከዚያ ወንጌል አነባለሁ። የሚሄድ ሰው በሰላም ይሂድ፤ የሚቀጥለው ቅዳሜ እንደዛሬው እቀበለዋለሁ። የሚቆይ ሰው ደግሞ የፈለገውን ይጠይቀኝ።"

ወንበሮች ተንኳኩ። አንድ በአንድ ወጡ። ጋሽ ጀላል ልጃቸውን አስቀድመው በሩ ላይ ዘወር አሉ።

"ፊዚክስስ አትጨምሩም?" አሏት።

"አስተማሪ ካገኘን እንጨምራለን።"

ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው ወረዱ።

ሮሐ ስትመለስ ክፍሉ ውስጥ አንድ ሰው ቀርቷል። ቤዛብሕ የኋላ ረድፍ ላይ እግሩን ዘርግቶ ተቀምጧል።

"አንተ አትሄድም?"

"የሚሆነውን ልይ ብዬ ነው" አለ። "እንደማላምን ግን ከአሁኑ እወቂው።"

"ጥሩ። ና ወደፊት፣ እኔ ለአንድ ሰው አልጮህም።"

አነበቡ። ቤዛብሕ በየመስመሩ ያስቆማታል። ማን ጻፈው፣ መቼ ጻፈው፣ ለምን ይህን ጨመረ ይላል። የምታውቀውን ትመልሳለች፤ ያላወቀችውን ትጽፍና በሚቀጥለው ሳምንት ይዛለት ትመጣለች። ሦስት ቅዳሜ ሁለቱ ብቻ ነበሩ። ጋሽ ቶለሳ እየደወሉ "ስንት ሆናችሁ?" ሲሏት "አንድ ተማሪ አለኝ፣ ግን የሚጠይቀው ለአሥር ነው" ትላቸው ነበር፤ ይስቁ ነበር።

በአራተኛው ቅዳሜ ኢየሱስ አንድን የታመመ ልጅ ከፈወሰበት ቦታ ደረሱ። የልጁ አባት ሙሉ እምነት የሌለው ሰው ነው፤ እንደሌለውም አልደበቀም። ቤዛብሕ ያንን ቦታ ሲሰማ መጽሐፉን በእጁ ሸፈነው።

"ይበቃኛል" አለ።

ከዚያ ራሱ መናገር ጀመረ። አሰላ ነው ያደገው። ባለፈው ዓመት እናቱ በጉበት በሽታ ታመሙ። ታላቅ እህቱ አቢ አንድ ሰባኪ ወደ ቤት ይዛ መጣች። ሰባኪው ቤተሰቡ በሙሉ እምነት ከጸለየ ይድናሉ አለ። ቤዛብሕ ፈተናውን ትቶ ሄዶ ሃያ አንድ ቀን ጾመ። እናቱ ሞቱ። ከቀብር በኋላ ሰባኪው ለይቶ ጠርቶት፣ ከቤቱ ውስጥ አንድ ሰው ተጠራጥሯል፤ እግዚአብሔር ያላዳናቸው ለዚያ ነው አለው። ማን እንደሆነ ስሙን አልጠራም፤ ግን ሲናገር እሱን እያየ ነበር። ቤዛብሕ ከዚያ ቀን ወዲህ አልጸለየም፤ እህቱንም አላናገራትም።

ሮሐ እንባዋ መጣ፤ ግን አላስቸኮለችውም። ሲጨርስ፣

"ውሸት ነው የነገረህ" አለችው።

"እርግጠኛ ነሽ?"

"እርግጠኛ ነኝ። አሁን ያነበብነውን እይ። ሰውየው ግማሽ እምነት ይዞ ነው የመጣው፤ አልተባረረም። እናትህን አንተ አልገደልካቸውም ቤዛብሕ። ይህን በእግዚአብሔር ስም የነገረህ ሰው በእሱ ስም ዋሸ።"

"ታዲያ ለምን ሞተች?"

"አላውቅም።"

ቤዛብሕ ቀና ብሎ አያት። "ማትስ ላይ እንደዚህ ስትይ ሰምቼ አላውቅም።"

"ማትሱን አውቀዋለሁ እኮ።"

ሳቀ። ሮሐ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲስቅ ያየችው ያን ቀን ነው። ሳቁ ወደ ልቅሶ ዞረበትና ረጅም ሰዓት አለቀሰ፤ እሷም ወንበሯን አቅርባ አጠገቡ ተቀመጠች። ስድስት ሰዓት አለፈ፣ ሰባትም ሊሆን ነው፤ ማንም አላስተዋለም።

በቀጣዩ ቅዳሜ ቤዛብሕ የክፍሉ ልጅ የሆነችውን ናዝሬትን ይዞ መጣ። "ከእኔ የባሰች ጠያቂ ናት" ብሎ አስተዋወቃት። ናዝሬት ሌላ ሁለት ይዛ መጣች። ከእነዚህ አንዷ ከልጅነቷ ጀምሮ ሰንበት ትምህርት ቤት ያደገች ኦርቶዶክስ ስትሆን የምትሰማውን ሁሉ ከንስሐ አባቷ ጋር ታመሳክር ነበር፤ ሮሐም አበረታታቻት። ሴሚስተሩ ሊያልቅ ሲል በሁለተኛው ሰዓት፣ ለወንጌሉ፣ አሥራ ሦስት ሰው ይቀመጥ ጀመር። ለማትሱ የሚመጡትም ተመልሰው ወንበር ጠፋ፤ ወንዶቹ መስኮቱ ላይ ይቀመጡ ነበር። ጀዊሪያ በየሳምንቱ እስከ አምስት ሰዓት ትማራለች፣ ለሮሐ ሰላምታ ሰጥታ ትወጣለች። ፈተና ላይ ኤ ስታገኝ መጀመሪያ የደወለችው ለአባቷ ነው፣ ቀጥሎ ለሮሐ። ጋሽ ጀላል ለክፍሉ መጋረጃ ሰፍተው ላኩ፤ የጠዋቱ ፀሐይ ሰሌዳው ላይ እየመታ ልጆቹን ማስቸገሩን ያን ቀን ቁጭ ብለው አይተው ነበር። ቤዛብሕም ማትሱን አለፈ።

ጋሽ ቶለሳ በሌሎች ግቢዎች የሚሠሩትን አገልጋዮች ሰብስበው ሮሐ እንድትናገር አደረጉ። እሷም የተሳካላትን ትታ ስለ አምስተኛው ቅዳሜ ነው የነገረቻቸው። ከመሐላቸው አንዱ "እኛ እንዲህ ብናደርግ ማን ይመጣልናል?" ብሎ ጠየቀ። "ትንሽ ሰው" አለችው። "ግን ስታናግረው ዓይንህን አያሸሽም፣ አንተም አታሸሽም።"

ፈተናው ካለቀ በኋላ የሁለተኛው ሰዓት ልጆች ዳቦና ሙዝ ይዘው ወደ ጉለሌ የእጽዋት ማዕከል ወጡ። ቀኑ ብሩህ ነበር። ሌሎቹ ጥድ ሥር ተቀምጠው ሲጫወቱ ቤዛብሕ ሮሐን ትንሽ እንድትርቅለት ጠየቃት። ከተማው ከታች ተዘርግቶ ይታያል።

"ልጀምር ነው" አላት።

"ምኑን?"

"መጸለይ። እንዴት እንደነበር ግን ረስቼዋለሁ። የድሮው ዓይነት ጩኸት አልፈልግም።"

"አሁን እኔን እንደምታናግረኝ አናግረው።"

ዓይኑን አልጨፈነም። እጆቹን ጃኬቱ ኪስ ውስጥ ከቶ፣ ወደ ከተማው እያየ፣ በተራ ድምፅ ተናገረ። በእናቱ ሞት እንደተቆጣ፣ አሁንም ቁጣው ሙሉ በሙሉ እንዳልወጣለት ተናገረ። ኢየሱስን እንዳመነ፣ ከዚህ በኋላም ከእሱ ጋር መሄድ እንደሚፈልግ ተናገረ። ሌላ የሚለው ነገር ሲያጣ "በቃ ይኸው ነው" አለ። ሮሐ "አሜን" አለች።

ትንሽ ቆሙ። ከዚያ ቤዛብሕ ስልኩን አወጣ። ከስሞቹ መካከል ፈልጎ አገኘና አውራ ጣቱን ስሙ ላይ አድርጎ ቆየ። ሮሐ ብቻውን ልትተወው ፈልጋ ወደ ልጆቹ አቅጣጫ ሁለት እርምጃ ስትራመድ ስልኩ ሲጠራ፣ ከዚያም ሲነሣ ሰማች።

"አቢ፣ እኔ ነኝ" አለ። በሌላው በኩል ያለችው እህቱ ምን እንዳለች አልተሰማም፤ እሱ ግን ለረጅም ጊዜ ሲያዳምጥ ቆየ። "አይ፣ እማዬ የሞተችው በአንቺ ጥፋት አይደለም" አላት። "በእኔም አይደለም። ተይው አሁን፣ አታልቅሺ። ነገ የጠዋቱን መኪና ይዤ እመጣለሁ።"